ለአንድ ቤት ስንት ሳንቲም ፎም ይበቃል?

አምና ሚያዝያ ላይ ነው። ባሕር ዳር አባይ ማዶ የምትኖረው አክስቴ ከፋሲካ የተረፈ የጧፍ እሽግ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀምጣ ነበር። አንድ ቀን ላውርደው ብትል ጧፎቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል፣ መሃል ላይ ደግሞ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ማንም አልለኮሳቸውም። «ጧፌን ማነው ያጣመመብኝ?» ብላ ልጆቹን ሰብስባ ተቆጣች። ጥፋተኛው ግን ከጧፎቹ በላይ አንድ ሜትር እንኳ የማይርቀው ቆርቆሮ ነው። ቤቱ ኮርኒስ የለውም። ከቆርቆሮው በታች ወራጅና ማገር፣ ከዚያ በታች ደግሞ የአክስቴ አናት ነው ያለው።

«ምድጃ ውስጥ ነው እንዴ የምኖረው?» አለችና አናጺ ጠራች። አናጺው ቀና ብሎ አየና «እማማ፣ ኮርኒስ እንሥራና ከላዩ ሁለት ሳንቲም ፎም እናነጥፍበታለን፣ ይበቃል» አላት። ፎም የሚሸጠው ልጅ ደግሞ «ከተገዛ አይቀር አስር ሳንቲም ነው» አለ። ማታ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የአጎቴ ልጅ ሲደውል ነገሩን ነገረችው። እሱ ደግሞ «እኛ ጋ 49 ነው» ብሎ ቁጭ አለ።

ከዚያ እኔ ጋ ደወለች። «ሁለት ነው፣ አስር ነው፣ አርባ ዘጠኝ? ተማርን የምትሉ ሰዎች አንድ ነገር ላይ እንኳ አትስማሙም?»

«እቴቴ፣ ሦስቱም እኮ አልዋሹሽም» አልኳት። አላመነችኝም። እሷን ለማሳመን ያወጣሁት ሒሳብ ነው እዚህ የምጽፈው፤ ሙቀቱ በመጣ ቁጥር ይሄንኑ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ።

መጀመሪያ ነገር፣ ኢንሱሌሽን የሚሉት ምንድን ነው?

ሙቀት እንዳያልፍ የሚያዘገይ ነገር ነው። ያዘገያል እንጂ አያቆምም፣ አያቀዘቅዝምም። ጣና ዳር ዓሣ የሚሸጡትን ሰዎች ሳጥን አስቡ። ሳጥኑ ፎም ነው፣ ዓሣውን የሚያቀዘቅዘው ግን ውስጡ ያለው በረዶ ነው። በረዶ የሌለው ሳጥን ውስጥ የገባ ቀረሶ እንደ ማንኛውም ቀረሶ ይሸታል። የሳጥኑ ሥራ በረዶው ቶሎ እንዳይሟሟ ማድረግ ብቻ ነው። ፔርሙዝም ያው ነው። ትኩስ ሻይ ካስገባህበት ትኩሱን፣ ቀዝቃዛ ውሃ ካስገባህበት ቀዝቃዛውን ያቆያል። ምን እንደያዘ አያውቅም።

ሥራውን የሚሠራው በአብዛኛው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት ማስተላለፍ ላይ በጣም ሰነፍ ነው። ፎም ሲቆረጥ በየኳሱ ውስጥ ያለው የታሰረ አየር ነው፤ የመስታወት ሱፍም (ገበያ ላይ ፋይበር ግላስ የሚሉት) በክሮቹ መሃል የተያዘ አየር ነው። ይሄን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ሐይቁ ላይ ያለውን ታንኳ ማየት ነው። ደንገል የሚንሳፈፈው አገዳው ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌለው የአየር ቀዳዳ ስላለው ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈውና ቤትን ከሙቀት የሚያድነው አንድ ነገር ነው ማለት ይቻላል፣ ቦታ ተይዞለት የተቀመጠ አየር።

ብርድ ላይ ደግሞ ሁላችንም ኢንሱሌሽን እንለብሳለን። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ። ጥጡ ራሱ ሙቀት አይሰጥም፣ በድርቦቹ መሃል የያዘው አየር ነው የሰውነታችንን ሙቀት አላወጣም የሚለው። የጋቢውን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሙቀቱ በየት በኩል ነው የሚገባው?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ግድግዳውን እያየ ያማርራል። ባሕር ዳር ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዴ ሚያዝያ 12 ገደማ፣ አንዴ ነሐሴ 17 ገደማ። የነሐሴውን ደመናው ይሸፍነዋል። የሚያዝያውን ግን ምንም አይሸፍነውም። በዚያ ሰሞን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ውጭ ወጥታችሁ ቁሙ፣ ጥላችሁ እግራችሁ ሥር ገብቶ ይጠፋል። አንድ እንጨት ቀጥ አድርጎ መትከልም ይቻላል፣ ልጆች ይወዱታል።

ጥላ የለም ማለት ግድግዳው ፀሐይ አያገኝም፣ ጣራው ሙሉውን ይቀበላል ማለት ነው። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት ወደ 1,000 ዋት የፀሐይ ጉልበት ያርፍበታል። የአክስቴ ቤት 10 ሜትር በ5 ነው፣ 50 ካሬ። 50,000 ዋት ማለት ነው። ዋት ለማይገባው ሰው እንዲህ ልበል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጋል 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከጣራዋ በላይ አስራ አራት ምጣድ ተጥዶ እንጀራ እየተጋገረ ነው። ሁሉም ወደ ቤት አይገባም፤ ከፊሉን ቆርቆሮው ወደ ሰማይ ይመልሰዋል፣ ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል። የቀረው ግን ቆርቆሮውን 60 ዲግሪ ሊያደርሰው ይችላል፣ የዛገና የጠቆረ ከሆነ ከዚያም በላይ። የንብ ሰም የሚቀልጠው 62 ዲግሪና ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል ነው፣ ለመልፈስፈስ ደግሞ ከዚያ በብዙ ያነሰ ይበቃዋል። የጧፉ ምሥጢር ይኸው ነው።

ሌላ መፈተኛም አለ። ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ ጠራራ ላይ ወንበር ላይ ውጡና ግንባራችሁን ወደ ቆርቆሮው ቀና አድርጉ። ሳትነኩት ይለበልባችኋል። ያ አየሩ ሞቆ አይደለም። ከፍም እሳት ፊት እንደመቀመጥ ነው፣ የጋለው ብረት ሙቀቱን በጨረር ይልክባችኋል። ለዚህ ነው ቬንትሌተር ገዝታችሁም የማትረኩት። ቬንትሌተር አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ ጨረር አይመልስም።

«አር» የሚሉት ቁጥርስ?

የኢንሱሌሽን አቅም የሚለካበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሙቀት ለማለፍ ይቸገራል። አወጣጡ ቀላል ነው። ውፍረቱን በሜትር አድርጋችሁ እቃው ሙቀት በሚያስተላልፍበት ቁጥር ታካፍሉታላችሁ። ፎምም የመስታወት ሱፍም ያ ቁጥራቸው 0.04 ገደማ ነው። ጣውላ 0.13 አካባቢ። ድፍን ኮንክሪት ከ1 በላይ። ብረት 50። ወጥ የሚማሰለው በእንጨት ማማሰያ የሆነው፣ የብረት ጭልፋ ድስት ውስጥ ተረስቶ ሲነካ እጅ የሚያቃጥለው በዚህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ፎም ማለት 0.05 ሲካፈል ለ0.04፣ አሩ 1.25። 10 ሳንቲ ሜትር 2.5። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይሄን ካወቃችሁ አንድ የሚገርም ነገር ላሳያችሁ። ሃያ ሳንቲሙ ብሎኬት፣ ውስጡ ክፍት የሆነው፣ አሩ 0.2 አካባቢ ነው። አንድ ሳንቲም ፎም 0.25። ያ ሁሉ ብሎኬት፣ ያ ሁሉ ሲሚንቶ፣ ከአንድ ሳንቲም ፎም አይበልጥም። የአያቶቻችን የሳር ክዳን ደግሞ ቁጥሩ 0.07 ገደማ ነው፤ 25 ሳንቲም ውፍረት ያለው በደንብ የተከደነ ሳር አሩ ሦስት ተኩል ይደርሳል። 14 ሳንቲም ፎም እንደማለት ነው። ጎጆ ቤት ገብቶ «ውይ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል» ያላለ ሰው የለም። ዘጌና ደሴቶቹ ላይ የሳር ክዳናቸውን በቆርቆሮ የለወጡ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የለወጡበት ምክንያት ይገባኛል፣ ሳር ይቃጠላል፣ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ ሳሩም ከዳኙም እየጠፋ ነው። ግን ያ ሁሉ አር አብሮ መውረዱን የሚያስታውስ የለም።

እሺ፣ ታዲያ ስንት ሳንቲም?

ቆርቆሮው 60 ዲግሪ ደረሰ እንበል፣ ክፍሉ ውስጥ 30 ነው። ልዩነቱ 30 ዲግሪ። ይሄን ልዩነት ለአሩ ስታካፍሉት በአንድ ካሬ ስንት ዋት እንደሚገባ ይሰጣችኋል። በ50 ስታባዙት የቤቱን።

ባዶ ቆርቆሮ። ከብረቱ ሥር ተጣብቆ የሚቀመጥ ስስ አየር ስላለ አሩ ዜሮ አይደለም፣ 0.17 ገደማ ነው። 30 ለ0.17፣ በካሬ 176 ዋት። ለቤቱ 8,800። ሁለት ምጣድ ተኩል ከአናቷ በላይ ተሰቅሏል፣ ያውም ከምሳ በፊት ጀምሮ እስከ ዘጠኝና አሥር ሰዓት። መብራት ቢሄድም አይጠፋም።

ቺፕውድ ኮርኒስ ቢገባ፣ ከላዩ ያለው አየርና ቺፕውዱ ተደምረው አሩን 0.44 ገደማ ያደርሱታል። የሚገባው ወደ 3,400 ዋት ይወርዳል። አንድ ምጣድ። ልብ በሉ፣ ገና ምንም ፎም አልገዛንም፣ ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ኮርኒስ ለውበት ነው የሚል ሰው ካለ ይሄን አሳዩት።

አሁን አናጺው ያለውን ሁለት ሳንቲም ጨምሩበት። አሩ 0.94፣ የሚገባው 1,600 ዋት። እንደገና በግማሽ ተቆረጠ። አናጺው ጅል አይደለም።

አምስት ሳንቲም ከሆነ 890 ዋት ገደማ። አንድ የልብስ ካውያ አይሞላም።

አስር ሳንቲም ከሆነ 510።

ሃያ ሳንቲም ከሆነ 275።

የጋቢው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ብርድ ላይ ራቁቱን ለቆመ ሰው የመጀመሪያዋ ነጠላ ነፍስ ናት። ከነጠላ ወደ ጋቢ መሄድም ልዩነት አለው። ጋቢ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ሦስተኛ ቡልኮ ሲጨመርበት ግን ሰውየው ከሙቀቱ ይልቅ ክብደቱን ነው የሚያወራው። ፎምም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው 5 ሳንቲም 2,500 ዋት አስቀረልን። ቀጣዩ 5 ሳንቲም 380 ብቻ። ከዚያ በኋላ ያለው 10 ሳንቲም ሙሉ 235 ብቻ። ዋጋው ግን በሳንቲም ልክ ነው የሚጨምረው፣ ፎም ሻጭ «ሁለተኛው አምስት ሳንቲም ጥቅሙ ትንሽ ስለሆነ ቀነስኩልህ» አይልም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት፣ ባሕር ዳር ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ለሌለው ተራ መኖሪያ ቤት 5 ሳንቲም ጥሩ ነው። ገንዘብ ካለና ጣራ ሥር ያለው ክፍል መኝታ ከሆነ ወደ 10 መሄድ ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ያለውን ብር ሌላ ቦታ አውሉት። ኤሲ ያለበት ቢሮ፣ መድኃኒት የሚቀመጥበት ክፍል፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ ክፍል ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ እያንዳንዱ የገባ ዋት በመብራት ተከፍሎ የሚወጣ ስለሆነ ወፍራሙ ራሱን ይከፍላል።

ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። ነፋስ ያለበት ቀን ቆርቆሮው 50 ላይ ሊቆም ይችላል፣ የእናንተ ቤት 70 ካሬ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ቀይራችሁ ደግማችሁ አስሉት። የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

የሚኒሶታው 49 ግን ከየት መጣ?

ከሌላ መለኪያ። አሜሪካኖች ፊትና ፋራናይት ስለሚጠቀሙ የእነሱ አር ከእኛኛው ጋር አንድ አይደለም። የእነሱን ቁጥር ለ5.68 ስታካፍሉት ወደ እኛው ይመጣል። 49 ሲካፈል 8.6 ይሆናል፤ በሱፍ ከ34 ሳንቲም በላይ ነው። ዩቲዩብ ላይ «አር 30 ያስፈልጋል» ሲል የምትሰሙት ሰውዬም የሚያወራው በዚህ መለኪያ ነው። ቁጥሩን እንደወረደ ይዛችሁ ሱቅ ብትሄዱ አንድ ቤት ሙሉ ፎም ትገዛላችሁ።

ሌላው ልዩነት ደግሞ ዓላማው ነው። ሚኒሶታ ክረምት ላይ ከዜሮ በታች ሃያ ምናምን ይወርዳል፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ 20 እንዲሆን ለወራት ሌት ተቀን ነዳጅ ይቃጠላል። እስከ 40 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት፣ ለወራት። እኛ የምንከለክለው በቀን ጥቂት ሰዓት የሚመጣ፣ ከላይ ብቻ የሚመጣ ሙቀት ነው። የእነሱ ቤት ጋቢ ለብሶ ብርድ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው። የእኛው ጃንጥላ የያዘ ሰው ነው።

ግድግዳውን እንተወው ማለት ነው?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። የምዕራቡ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ብሎኬት ደግሞ ሙቀትን መከልከል ላይ ደካማ ቢሆንም ማጠራቀም ላይ ጎበዝ ነው። አሥር ሰዓት ላይ የጠጣውን ማታ ሁለትና ሦስት ሰዓት ላይ ይተፋዋል። አልጋችሁ ከምዕራብ ግድግዳ ጋር ከተጠጋ እጃችሁን ማታ ግድግዳው ላይ አሳርፉ፣ ታገኙታላችሁ። ጭቃ ቤትም ያጠራቅማል፣ ግን ጭዱና ውፍረቱ ጉዞውን በሰዓታት ያዘገየዋል፤ ሙቀቱ ውስጥ ሲደርስ ውጭው ቀዝቅዟል፣ መስኮት ከፍቶ ማስወጣት ይቻላል።

ለምዕራብ ግድግዳ ግን ፎም ከመለጠፍ ጥላ ይቀድማል። በረንዳ፣ ዛፍ፣ ሐረግ የወጣበት ሽቦ፣ ያገኛችሁት። መስኮት ካለበትማ የግድ ነው። አንድ ካሬ ተኩል የሚሆን የምዕራብ መስኮት የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲገባበት ወደ 800 ዋት ሊያስገባ ይችላል፤ አምስት ሳንቲም ፎም ያለው ያ ሁሉ ጣራ ከሚያስገባው ጋር ይቀራረባል። መጋረጃ ከውስጥ ሲሰቀል ሙቀቱ አንዴ ገብቷል። መከልከል ከመስታወቱ ውጭ ነው።

የጣናን ገዳማት ክብ ቤተ ክርስቲያኖች አስተውላችሁ ከሆነ መቅደሱ መሃል ነው፣ ዙሪያውን ቅድስት፣ ከዚያ ውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ከዚያ ደግሞ ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ የጣራ ጠርዝ። ፀሐይ ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ጋ ለመድረስ ስንት ነገር ማለፍ አለባት!

ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባት አይበቃም?

ከምንም ይሻላል፣ ርካሽም ነው። ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ፀሐይ አብዛኛውን ይመልሳል። አዲስ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮም ይመልሳል፣ ግን አንድ ክፋት አለበት። የጠጣውን ትንሽ ሙቀት መልሶ በጨረር መልቀቅ አይወድም። ለዚህ ነው እያብረቀረቀም የሚያቃጥለው። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይችላል። አቧራ ሲለብስ ግን ይደክማል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ማን ጣራ ላይ ወጥቶ ያጥበዋል?

ፎይልም እንዲሁ ነው። ያ ብርማ ወረቀት ጨረር በመመለስ ነው የሚሠራው፤ ለመመለስ ደግሞ ፊት ለፊቱ ክፍት አየር ይፈልጋል፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳንቲም። ብዙ ቦታ ያየሁት በቆርቆሮውና በፎሙ መሃል ክፍት ቦታ ሳይተውለት ተጨፍልቆ ነው። እንዲያ ከሆነ ብረት ላይ ብረት ጨመራችሁ እንጂ ሌላ ምንም አላደረጋችሁም።

ምን ልግዛ? ምንስ ልጠንቀቅ?

ከሁሉ በፊት ጣራው የሚያፈስ ከሆነ እሱን ድፈኑ። እኛ አገር ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚዘንብ ታውቃላችሁ። ሱፍ ሲርስ አየሩ ያለበትን ቦታ ውሃ ይይዘዋል፣ ውሃ ደግሞ ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ከቆመ አየር ከሃያ ጊዜ በላይ ይፈጥናል። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ከብዶ መስመጥ ይጀምራል፣ ስለዚህ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። የኮርኒስ ሱፍ ግን ማን ያወጣዋል።

ክፍተት አትተዉ። ይሄ ከውፍረቱ እኩል ነው። 10 ሳንቲም አንጥፋችሁ ከ50 ካሬው 2 ካሬ ተኩል ብቻ፣ መብራት ጋና ጥግ ጥጉ ላይ ክፍት ብትተዉ፣ የሚገባው ከ510 ወደ 655 ዋት ይወጣል። ጋቢ ለብሶ ጀርባን እንደመክፈት ነው። ሱፉን ማጨቅም አይጠቅምም፣ የከፈላችሁት ለአየሩ ስለሆነ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል።

እሳት ላይ ቀልድ የለም። ተራው ነጭ ፎም ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ከኮርኒስ በላይ ተሸፍኖ ይቀመጥ እንጂ ኩሽና ውስጥ ተገልጦ አይታይ። የመብራት ገመድ በሱፍም በፎምም አትቅበሩ፣ ገመዱ የራሱን ሙቀት የሚያወጣበት ሲያጣ ይግላል። የአክስቴ ቤት ገመድ በየማገሩ ላይ እንደ ሐረግ ተንዠርጎ ነበር፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ያንን አስተካከለ። ሰጋቱራና ጭድ በነፃ ይገኛል ብለው ኮርኒስ ላይ የሚያፈሱ አሉ። ይሠራል፣ ግን ለእሳትም ለምስጥም ለአይጥም ድግስ ነው። እኔ አላደርገውም። የመስታወት ሱፍ አይቃጠልም ማለት ይቻላል፣ ሲያነጥፉት ግን ጓንትና ማስክ ግድ ነው፤ ቆዳ ላይ ካረፈ ሲያሳክክ ይከርማል።

ከቆርቆሮው ሥር ያለው የሞቀ አየር የሚወጣበት ቀዳዳም ተዉለት። ዝቅ ብሎ በጠርዙ የሚገባበት፣ ከፍ ብሎ በአናቱ የሚወጣበት። ሁለቱም ላይ ወንፊት ሽቦ። ካልሆነ የሌሊት ወፍ ቤት ሠርታችሁ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ሌሊቱንስ አያፍነንም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አክስቴም ጠይቃኛለች። ባዶ ቆርቆሮ ቀን እንደሚግል ሁሉ ማታ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ወደ አስር ዲግሪ ሲወርድ ከአናታችን በላይ በረዶ የተቀመጠ የሚመስለን ለዚህ ነው። ማለዳ ላይ ከቆርቆሮው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃም የእኛው ትንፋሽ ነው፣ የቀዘቀዘ ብረት ላይ ሲያርፍ ጤዛ የሆነ። በብርዱ ወራት ኢንሱሌሽኑ ይሄንንም ይከለክላል።

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ግን ቀን በበርና በመስኮት የገባውን ሙቀት ማታ በጣራ እንዳይወጣ ያደርገዋል። መፍትሔው መስኮት ነው። ቀን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ያለበትን ወገን መዝጋት፣ ማታ ግራና ቀኝ ከፍቶ አየር ማሳለፍ። ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ የቀኑ ነፋሻ አየር ከዚያ ይመጣል፣ ማታ ደግሞ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። ስለዚህ የሰሜንና የደቡብ መስኮት ያለው ቤት ሁለቱንም ያገኛል። ወንፊት ሽቦ የሌለው መስኮት ግን ማታ አይከፈት፣ ወባ አለ።

አክስቴ በመጨረሻ ምን አደረገች?

ቺፕውድ ኮርኒስና አምስት ሳንቲም የመስታወት ሱፍ። ለ50 ካሬ 55 ካሬ አዘዝን፣ አስር በመቶው ለቁርጥራጭና ለጥግ። አናጺው «ሁለት ይበቃ ነበር» እያለ ነው ያነጠፈው። በምዕራብ በኩል የጣራውን ጠርዝ አንድ ሜትር አስረዘምነው፣ እሷ ደግሞ ሥሩ ሐረግ ተከለች።

ጧፉ ዘንድሮ ቁምሳጥኑ ላይ ቀጥ ብሎ ነው ያለው። አንድ ቅሬታ ብቻ አላት። በፊት ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስታርፍ ከእንቅልፏ ነቅታ ልብስ ለማንሣት ትሮጥ ነበር። አሁን ሱፉ ድምፁን ስለሚውጠው ሐምሌ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰጣችው ጋቢ በስብሶ አደረ። ሲደወልላት የምታነሣው ይሄንን ነው።